የአራሚዋ ስህተት

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ድረስ «ወንፊቷ» ነው የሚሏት። ሌላ ቦታ ወንፊት የሚባለው ምስጢር የማይቋጥር ሰው ነው፤ ለእሷ ግን ስሙ የወጣላት ገለባ ስለማታሳልፍ ነው። በሁለተኛው ፎቅ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ የጎረቤት ጣራ ብቻ በሚያሳይ መስኮት ሥር ተቀምጣ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ስህተት ስትለቅም ኖራለች። የፊደል ግድፈት ይሁን የተዘለለ መስመር፣ ምዕራፍ ሁለት ላይ ሞቶ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ እራት የሚበላ አጎት ይሁን፣ እጇ ላይ ይያዛል። ደራሲዎች ይፈሯታል። አንድ ገጣሚ «ይቺ ሴትዮ የገዛ ሠርጓን የጥሪ ካርድ ያረመች ናት» እያለ ያማታል። ሐሜት አይደለም፣ በእርግጥ አርማዋለች። ሠርጉ የቀረው በሌላ ምክንያት ነው።

አንዲት ኩራት አለቻት። መጽሐፍ ታትሞ ካለቀ በኋላ ስህተት ሲገኝበት፣ «ገጽ ይህን ያህል ላይ እንዲህ የሚለው እንዲህ ተብሎ ይነበብ» የምትል ብጣሽ ወረቀት ታትማ ውስጡ ትለጠፋለች። የእርማት ወረቀት ይሏታል። ለአራሚ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም፤ ሰው ፊት በጥፊ እንደመመታት ነው። ሌሎቹ አራሚዎች ሁለትም ሦስትም ጊዜ ደርሶባቸዋል። በወንፊቷ እጅ ባለፈ መጽሐፍ ላይ ግን ይህቺ ብጣሽ ተለጥፋ አታውቅም። ሲያወሩላት ያልሰማች መስላ አንገቷን ትደፋለች፣ አንጀቷ ግን ቅቤ ይጠጣል።

አሠራሯ ቀላል ነው። አንድ ቀይ እስክሪብቶና አንድ እርሳስ አላት። በቀይ ያረመችው ማንም ሳይጠየቅ ይገባል። በእርሳስ የጻፈችው ለደራሲው የቀረበ ጥያቄ ነው፤ ደራሲው ከጎኑ መልሱን ጽፎ ይመልሳል። ሁሉም ሲያልቅ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ «ይታተም» ብላ ትፈርማለች። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም።

ምድር ቤት ጥረዛ ክፍል ውስጥ ደግሞ አንዲት ጠራዥ አለች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሥራ አጥታ ስትንከራተት፣ ሥራ አስኪያጁን ደጅ ጠንታ ያስቀጠረቻት ወንፊቷ ናት። ጠራዧ «እትዬ» ከአፏ አይለይም። ልጇ የክፍል ውጤት ባመጣ ቁጥር ካርዱን ይዛ ሁለት ፎቅ ወጥታ ታሳያታለች። ሰው ሁሉ፣ ለማንም ፊት የማትሰጠው ወንፊቷ ለዚህች ሴት ብቻ የምትራራው ምን አግኝታ ነው ይል ነበር። ያገኘችው ነገር የለም። ጠራዧ የአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ልጅ ናት፣ ነገሩ ያ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ ጠዋት የወንፊቷ የልጅነት ጓደኛ ግራ እግሯን እየጎተተች ደረጃውን ወጣች። የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ የተቀመጡ፣ እስከ ዛሬም ሳምንት ሳይገናኙ የማያልፋቸው ናቸው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወፍራም ክላሰር ጣል አደረገች።

«ይኸውልሽ። እጽፋለሁ ስልሽ ስትስቂብኝ ነበር።»

«ምንድን ነው?»

«ልብ ወለድ። ለወጣቶች። ምስጢር አለው፣ ጓደኝነት አለው፣ የሆነባትን ማስታወስ ያቃታት ልጅ አለች። ከአንቺ እጅ ካላለፈ አላሳትምም ብዬ ለሥራ አስኪያጃችሁ ነግሬዋለሁ።»

«ስለ ማን ነው?»

«ስለ ማን ሊሆን ነው? ስለ እኔና ስላንቺ ነዋ። ያቺን የጠፋችብኝን ቀን ራሴ ጻፍኳት።»

ወንፊቷ ሳቀች፣ መሳቅ ስለነበረባት። ክላሰሩን ግን ሦስት ቀን አልከፈተችውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው።

በአራተኛው ቀን ከፈተችው። ጥሩ መጽሐፍ ነበር፤ ያንገበገባትም አንዱ ይኸው ነው። ሁለት ሴት ልጆች፣ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በላይ ያለ አንድ ክፍል፣ ምስጢር የሚደበቅበት የብስኩት ቆርቆሮ። አንደኛዋ ልጅ ላይ በሩ ከውጭ ይዘጋባታል፣ በመስኮት ስትወርድ ትወድቃለች፣ ስትነቃ ያለፈው አንድ ዓመት ከጭንቅላቷ ጠፍቷል። ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ በሩን ማን እንደዘጋው ትፈልጋለች፤ ጓደኛዋ ደግሞ ከጎኗ ሳትለይ ታፈላልጋታለች። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ ሰውየው ይገኛል፤ ዘበኛው ነው። በር በዘጋ ቁጥር የሚያፏጨው፣ ቁልፎቹን በቀይ ጥብጣብ ያሰረው ዘበኛ፣ የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ እየሰረቀ በኪሎ ይሸጥ ኖሯል። ልጅቷ ስላየችበት ነው ሆን ብሎ የዘጋባት።

እውነቱ ሌላ ነበር። አሥራ አራት ዓመታቸው ነበር፣ ቀኑም ቅዳሜ፣ ግቢው ባዶ። ክፍሉ የተሰባበረ ወንበር የሚጣልበት ሲሆን መቀርቀሪያው ከውጭ ነው። ጓደኛዋ ቆርቆሮውን ከፍታ የወንፊቷን ወረቀት አወጣችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ አባቷ በሌላ ቤት ሌሎች ልጆች እንዳሉት የተጻፈበትን። ለቀልድ ነበር፣ ሰሚም አልነበረም። ወንፊቷ ግን ደሟ ፈላ። ወጣችና በሩን ከውጭ ቀረቀረችው። አምስት ደቂቃ ትቀመጥ ብላ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ደረጃውን ወርዳ ውሃ ልትጠጣ ስትሄድ አክስቷ በግቢው በር በኩል ስትመጣ አየቻት። ከሩቅ አገር መምጣቷ ነው፣ አዲስ ጫማ ይዛላታለች። ነይ ሳሚኝ፣ እንዴት አድገሻል፣ እስቲ እግርሽን አምጪ። ጫማው ልክክ አለ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ቤት ሄዱ።

ረሳቻት። ለማንም መናገር ያቃታት ይህን ነው። በጭካኔ አድርጋው ቢሆን ኖሮ እንኳ በልጅነት ይሳበብ ነበር። እሷ ግን ጓደኛዋን በጫማ ረሳቻት።

ልጅቷ ጮኻ ጮኻ ሰሚ ስታጣ በመስኮቱ ለመውረድ ሞከረች። እግሯ ሁለት ቦታ ተሰበረ፣ ትዝታዋም አንድ ዓመት ጎደለ። በየክፍሉ ዞሮ ማየት የዘበኛው ሥራ ነው። «ከውጭ ተቀርቅሮ ሳገኘው ባዶ መስሎኝ አለፍኩ፣ በሩን የቀረቀርኩት እኔ አይደለሁም» ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። ማን ይመነው? በሳምንቱ አባረሩት። ወንፊቷ በሩን መቀርቀሯን ብቻ ለእናቷ ነገረቻት። እናትየው ልብስ እያጣጠፈች ነበር፣ ቀና እንኳ አላለችም። «ልጅቷ ራሷ አላስታወስኩም ካለች፣ አንቺን ማን አስታዋሽ አደረገሽ? ሆድ ይፍጀው» አለቻት። ሆድም ሠላሳ ሁለት ዓመት ፈጀው።

ይባስ ብሎ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ለጓደኛዋ የጠፋውን ዓመት መልሳ ትተርክላት ነበር። የትኛውን ፈተና እንደወደቁ፣ ማን ማንን እንደወደደ፣ የሒሳብ አስተማሪው ሱሪ የተቀደደ ዕለት እንዴት እንደሳቁ። አንድም ቀን አላስቀረችባትም፣ ከአንዷ በቀር።

አሁን ጽሑፉ ፊቷ ተዘርግቷል። ዘበኛው ከሞተ ቆይቷል። ልጁ ግን ከሁለት ፎቅ በታች ወረቀት እያጠፈች ነው፤ ይህንንም መጽሐፍ የምታጥፈው እሷ ናት። ሰውየው በቸልተኝነት መባረሩ ሳያንሰው በሦስት ሺህ ቅጂ ሌባ ሊባል ነው። ወንፊቷ መናገር ካለባት ከመታተሙ በፊት መናገር አለባት፣ ይህን ለማወቅ አራሚ መሆን አያስፈልግም።

እርሳሷን አነሣች። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ፣ ከዳር፣ በደቃቅ ጽሑፍ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «በሩን የቀረቀረችው ጓደኛዋ ብትሆንስ?»

ይኸው ነው። «እኔ ነኝ» ማለት ሲገባት ጥያቄ ጻፈች። ሃያ ሁለት ዓመት «ቢሆንስ፣ ባይሆንስ፣ ቢስተካከልስ» እያለች የኖረች ሴት እጇ ሌላ ነገር መጻፍ አልቻለም። ሌላ ሰው ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፣ ወይ ያለቅስ ነበር። እሷ ኃጢአቷን እንደ ማረሚያ ሐሳብ ለደራሲዋ አቀረበች።

መልሱ በአራት ቀን መጣ፣ ከጥያቄው ጎን፣ በአስተማሪ ቁልጭ ያለ እጅ ጽሑፍ፦ «አንቺ ደግሞ። ጓደኛዋ እኮ አንቺ ነሽ። ጓደኛ እንዲህ አታደርግም፣ አንባቢም አያምነውም። ይቅር።»

ወንፊቷ ደወለችላት።

«ሰውየው ቤተሰብ ይኖረው ይሆናል» አለች። «ያነቡታል።»

«በስሙ አልጻፍኩት። ደግሞስ የእኔን እግር ማን ካሰኝ?»

«ሌባ ግን አልነበረም።»

«እሱን እንኳ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ምን ላድርግ? እንዲሁ ብድግ ብሎ በር የሚዘጋ ሰው በልብ ወለድ አይሆንም፣ ምክንያት ይፈልጋል።»

ወንፊቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ጫማዋን አየች። «አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» አለች።

«ውይ፣ ደወል ተደወለ፣ ክፍል አለኝ። ማታ ደውዪልኝ።»

ማታ አልደወለችም። ሰበብ ለሚፈልግ ሰው ደወል አይጠፋም። አንድ ሳምንት ሙሉ ሌላውን ሁሉ ስታርም ከረመች። በደራሲዋ መጽሐፍ ውስጥ አርባ ሦስት ግድፈት አገኘች፣ ሁሉንም በቀይ አቀናች፣ የራሷ እያረረባት የሰው የምታማስል ሴት። ከዚያ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ «ይታተም» ብላ ፈረመች።

የመጽሐፍ የመጀመሪያዎቹ ገጾች የሚሠሩት ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ርዕሱ፣ ማውጫው፣ መታሰቢያው፣ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ይመጣሉ። በማግስቱ ጠዋት እነዚያ ገጾች ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። በሦስተኛው ላይ አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፦ «የጠፉብኝን ቀኖች አንድ በአንድ ለመለሰችልኝ ጓደኛዬ።» ደጋግማ አነበበችው። የሚታረም ነገር አልነበረውም። ፈረመች።

ወረቀቱ ታትሞ ጥረዛ ክፍል በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ጠራዧ አንድ የታጠፈ ሉህ ይዛ ወጣች። ጣቶቿ ላይ ሙጫው አልደረቀም።

«እትዬ፣ ሥራ ካልያዙ።»

«ግቢ።»

አልተቀመጠችም። «ይቺ ደራሲ ጓደኛዎ፣ ያኔ ከመስኮት የወደቀችው ልጅ ናት አይደል? እግሯን እያየሁ ስጠረጥር ነው የኖርኩት። መቼም አላነብም፣ ስናጥፍ ማን ያነባል። ግን ቀይ ጥብጣብ የሚል አየሁ።» ሉሁን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «የእኔ የጸጉሬ ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር። ቁልፉ እየተበታተነ ሲያስቸግረው ከራሴ ፈትቼ ሰጠሁት።»

«ልብ ወለድ እኮ ነው» አለች ወንፊቷ።

«እሱማ ነው። እናታችን እስክትሞት ድረስ አባታችሁ ያንን በር አልነካም ትለን ነበር። እኛም አምነናት ኖርን። እሱ ጡብ ሲሸከም አምስት ዓመት ኖረ፣ አንድ ቀን ሲያፏጭ አልሰማሁትም። ንጹሕ ሰው ለምን ማፏጨት ይተዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ዛሬ አሰብኩ።» ሉሁን በመዳፏ አስተካከለች፣ የታጠፈ ወረቀት ሁሉ እንደምታስተካክለው። «እትዬ፣ እርስዎ ያሳለፉት ነገር ስህተት የለውም፣ ይህን ታች ያለነው ሁሉ እናውቃለን። ታዲያ እውነት ነው ማለት ነው? አባቴ ሌባ ነበር?»

ወንፊቷ ብዙ ነገር መመለስ ትችል ነበር። ለመዋሸት ሠላሳ ሁለት ዓመት ተለማምዳለች። ግን የራሷ ፊርማ የሰውየውን ልጅ በአባቷ ላይ ሲያስመሰክራት ማየትን አልተለማመደችም።

«በሩን የቀረቀርኩት እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፣ ቆርቆሮውን፣ አክስቷን፣ ጫማውን። ጠራዧ ቆማ ሰማች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ሲያልቅ እትዬም ቀረ፣ እርስዎም ቀረ።

«ለዚህ ነው ሥራ ያስገባሽኝ?»

«ለዚህ ነው።»

«እኔ ደግሞ የልጄን ካርድ ይዤ እየወጣሁ አሳይሻለሁ።» ሉሁን ወደ ወንፊቷ ገፋችው። «ሰው ሲሳሳት ምንድን ነው የምታደርጉት እዚህ ቤት?»

«ታትሟል እኮ። ሦስት ሺህ ቅጂ ነው።»

«ከታተመ በኋላ ሲገኝስ ምንድን ነው የምታደርጉት?»

ወንፊቷ ምን እንደምትላት ገባት። ጠራዧ ሉሁን አንሥታ ወረደች፤ ሥራ ይጠብቃት ነበር።

በማግስቱ ወንፊቷ የእርማት ወረቀት ይታተምልኝ ስትል የማተሚያ ቤቱ ሰው ሁሉ ጉድ አለ። ሥራ አስኪያጁ «ወንፊቷ ተቀደደች» ብሎ ቀለደና ምን እንደሆነ እንኳ ሳያነብ ፈቀደ። የሃያ ሁለት ዓመት ስሟን የሚያጠፋ ነገር ሆን ብላ እንደማታደርግ ያምናል። ብጣሿ እንዲህ ትላለች፦ «እርማት። ገጽ 214፣ መስመር 9፣ ‹ዘበኛው› የሚለው ‹ጓደኛዋ› ተብሎ ይነበብ። ገጽ 215፣ ስለ ስርቆቱ የተጻፈው ሁሉ ይሰረዝ፤ አልሰረቀም። ስህተቱ የአራሚዋ ነው።»

ደራሲዋን አስፈቅዳለች ወይ? አላስፈቀደችም። የሰው መጽሐፍ ማበላሸት መሆኑንም አሳምራ ታውቃለች። በድፍረት አደረገችው የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ፊት ለፊት መናገር ስላቃታት ነው በብጣሽ ወረቀት የተናገረችው። የእርማት ወረቀት የሚለጠፈው ከመጨረሻው ገጽ በኋላ፣ ከኋላው ሽፋን ከልባዱ ሥር ነው። ጓደኛዋ አንብባ እስክትደርስበት ቢያንስ ሁለት ቀን አለኝ፣ እስከዚያ አንዱን ቀን ሄጄ እነግራታለሁ ብላ አሰበች።

አርብ ከሰዓት ደራሲዋ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ቅጂዎች ልትወስድ መጣች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። መጽሐፎቹ ጠረጴዛው ላይ በገመድ ታስረው ነበር፤ ገመዱን ፈታችና አንዱን አንሥታ አሸተተችው፣ እንደ ሕፃን ራስ።

«ቁጭ በይ» አለች። «ይቺን ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የማነብልሽ። አይተሻታል፣ አውቃለሁ፣ ግን በእኔ አፍ ስሚያት።» ሦስተኛውን ገጽ ገለጠች። «የጠፉብኝን ቀኖች አንድ በአንድ ለመለሰችልኝ ጓደኛዬ።»

ቀና ብላ ፈገግ አለች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ትይዩው ገጽ ሄደ። ጠራዧ ብጣሿን ከኋላ አልለጠፈቻትም። ከመታሰቢያው ፊት ለፊት ነው የለጠፈቻት፣ በሁሉም ቅጂ፣ ቀጥ አድርጋ።

ደራሲዋ አነበበች። «ይሄ ያ የእርሳስ ጥያቄሽ አይደለም እንዴ?» አለች ፈገግታዋ ገና ሳይጠፋ። «ይቅር ብዬሽ አልነበረም? ምን ዓይነት ቀልድ ነው?» እንደገና አነበበችው። ከዚያ ወንፊቷን አየች። ወንፊቷ እየሳቀች አልነበረም።

«አንዷን ቀን አልመለስኩልሽም ነበር» አለች ወንፊቷ።

ደራሲዋ ብጣሿን በጣቷ ዳሰሰቻት። እጇ ወደ ግራ ጉልበቷ ወርዶ እዚያው ቆየ። ሲቆይ መጽሐፉን ከደነችና ከሌሎቹ ላይ መልሳ አስቀመጠችው፣ ገመዱንም እንደነበረ ለማሰር ሞከረች፣ መሃል ላይ ተወችው። አንድም ሳትወስድ ወጣች። እግሯ በየደረጃው ሲጎተት ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር።

ወንፊቷ ልትከተላት ተነሥታ እስከ በሩ ደረሰች። ጓደኛዋ ስትወጣ ዘግታው ነበር። አልተቀረቀረም፣ አልተቆለፈም፣ እንዲሁ ገጠም ያለ በር ነው፣ በአንድ ጣት ይከፈታል። ወንፊቷ እጀታውን ይዛ ቆመች፣ የጓደኛዋ እግር ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ አልከፈተችውም።